አንቲቫይረሱ በሊሚትድ አካውንት ሲገቡ ስታክ ሲያደርግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ማርቆስም ይሁን በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ይሁን በዳንግላ፣ የትምህርት ቤት ላብ ወይም የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮችን የሚንከባከብ ሰው የሚያመጣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ «በአድሚን ስገባ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ሲገባ ይደርቃል።» ከታች ያለው መልስ ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ዊንዶውስ 7 መጨረሻ ላይ ለብቻው ተነስቷል። «ሊሚትድ» የአድሚን መብት የሌለው አካውንት በኤክስፒ ጊዜ የነበረው ስም ነው፤ ዛሬ ዊንዶውስ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይለዋል። ነገሩ ያው ነው።

በአድሚን ደህና የሚሠራ ፕሮግራም በተማሪው አካውንት ለምን ይደርቃል?

አንቲቫይረስ አንድ ፕሮግራም ቢመስልም አንድ ስላልሆነ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛው ድራይቨር ይባላል፤ በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ተቀምጦ ማንኛውም ፋይል ሲከፈት በር ላይ ይጠብቃል። ሁለተኛው ሰርቪስ ነው፤ እውነተኛውን ፍተሻ የሚያካሂደው እሱ ነው፣ የሚሠራውም «ሲስተም» በሚባለው አካውንት ስለሆነ ማን ገባ ማን ወጣ አይመለከተውም። ሦስተኛው ከሰዓቱ አጠገብ የምናየው ምልክትና ሲጫኑት የሚከፈተው መስኮት ነው። ይህ ብቻ የገባውን ሰው መብት ይዞ ይሠራል።

መስኮቱ ራሱ ምንም አይፈትሽም፤ ሰርቪሱን ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል። ሰርቪሱ ካልተነሳ፣ ሥራ ከበዛበት ወይም ጥያቄውን ካልተቀበለ መስኮቱ እንደጠበቀ ይቀራል፣ ዊንዶውስም «ኖት ሪስፖንዲንግ» ብሎ ነጭ ያደርገዋል። አድሚን ሲሆኑ ፕሮግራሙ የቆመውን ሰርቪስ ራሱ ሊያስነሳ ይችላል። ሊሚትድ ዩዘር ግን ሰርቪስ ማስነሳት፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ መጻፍ፣ የጋራውን ሬጂስትሪ (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ሴቲንግ የሚቀመጥበትን) መቀየር አይፈቀድለትም። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም «ፈቃድ የለዎትም» ብሎ ይናገራል፤ በግዴለሽነት የተሠራው ዝም ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ ጥያቄው «መስኮቱ ምን ነካው?» ሳይሆን «ማንን እየጠበቀ ነው?» መሆን አለበት።

ታዲያ ሁሉንም አድሚን ባደርጋቸው አይገላግለኝም?

ቅሬታው ይጠፋል፣ ችግሩ ይቀራል። ቫይረስ የሚሠራው በከፈተው ሰው መብት ነው። ሊሚትድ አካውንት ውስጥ የገባ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሰው ፎልደር አይወጣም፤ አንቲቫይረሱንም ማቆም አይችልም። አድሚን ውስጥ ከገባ ግን የመጀመሪያ ሥራው እሱኑ ማቆም ነው። አርባ ተማሪ በየቀኑ ፍላሽ የሚሰካበት ላብ ላይ ሁሉንም አድሚን ማድረግ በሩን ነቅሎ ቁልፉ አስቸገረኝ እንደማለት ነው።

ከየት ልጀምር?

ኮምፒውተሩን ከከፈቱ በኋላ መጀመሪያ ትንሽ ይታገሱ። 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ሊያጣጥር ይችላል፤ ያ ስታክ አይደለም፣ ዝግመት ነው።

ከዚያም ካልተላቀቀ ሊሚትድ አካውንቱ ውስጥ እንዳሉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለው ዓምድ 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ከቆመ የሚጠበቀው ዲስኩ ነው፣ ፕሮግራሙ አይደለም። ዲስኩም ፕሮሰሰሩም አርፈው መስኮቱ ብቻ ከደረቀ ግን ወደ «ዲቴይልስ» ይሂዱ፣ በደረቀው ፕሮግራም ስም ላይ ራይት ክሊክ ያድርጉና «አናላይዝ ዌይት ቼይን» የሚለውን ይምረጡ። ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ በዛፍ መልክ ያሳያል። ይህችን ምርጫ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰዓት ታተርፋለች።

ቀጥሎ በአድሚን ገብተው አንድ አዲስ ስታንዳርድ አካውንት ይፍጠሩ። ከ«ሴቲንግስ» ወደ «አካውንትስ» ሄደው የማይክሮሶፍት አካውንት የሌለው ዩዘር መጨመር ነው፤ ሲፈጠር በራሱ ስታንዳርድ ይሆናል። ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበረውን አካውንት ሳይን አውት አድርገው በአዲሱ ይግቡ። በአዲሱ ከሠራ የተበላሸው የአሮጌው አካውንት ፕሮፋይል (የግል ፋይሎቹና ሴቲንጎቹ) ነው ወይም ውስጡ ቫይረስ አለ። በአዲሱም ከደረቀ ችግሩ የሁሉም ነው፤ ወደ ሰርቪሱ ይሂዱ። ይህን ሳያጣሩ ፎርማት ማድረግ ከንቱ ድካም ነው።

«ሳይን አውት» ያልነው በምክንያት ነው። ላብ ውስጥ ተማሪ ሲለዋወጥ «ስዊች ዩዘር» ከተባለ የቀደመው ሰው ሁሉ ከነፕሮግራሙ ከጀርባ ይቀመጣል፣ አንቲቫይረሱም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስኮት ከፍቶ ይጠብቃል። ታስክ ማናጀር ላይ «ዩዘርስ» የሚለውን ይመልከቱ። በ4 ጊጋባይት ላይ አራት ሰው ተሰልፎ ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሰርቪሱ መነሳቱን እንዴት አያለሁ?

በአድሚን ይግቡ፣ ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብለው ይፈልጉ፣ ከዝርዝሩ የአንቲቫይረሱን ስም ያግኙ። «ራኒንግ» ማለት አለበት፤ «ስታርትአፕ ታይፕ» ደግሞ «አውቶማቲክ» መሆን አለበት። ሁለቴ ክሊክ አድርገው «ሪከቨሪ» በሚለው ገጽ ላይ ሦስቱንም «ሪስታርት ዘ ሰርቪስ» ቢያደርጓቸው ሰርቪሱ ሲወድቅ ራሱ ይነሳል፤ ሊሚትድ ዩዘሩ አድሚን ፍለጋ አይንከራተትም። ቁልፎቹ ደብዝዘው አልነካ ካሉ አይደንግጡ። አንቲቫይረሱ ቫይረስ እንዳይዘጋው ራሱን እየተከላከለ ነው፤ ለውጡን ከራሱ ሴቲንግ ውስጥ ይፈልጉ። ተነስቶ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ግን ፋይሉ ተበላሽቷል፤ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ባሉት ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ይገኛል።

ኮምፒውተሩ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው። ይገናኛል?

በጣም። ሰኔ ገብቶ ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አፕዴት እያወረደ ወይም እየጫነ ሳለ መብራት ከሄደ የቫይረስ መለያው ፋይል ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሰርቪሱ ሲነሳ ያንን ያነባል፣ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሳል፣ ይወድቃል። መስኮቱ ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መድኃኒቱ በአድሚን ገብቶ መለያውን እንደገና አፕዴት ማድረግ ነው፤ እምቢ ካለ «ሪፔር» የሚል ምርጫ ካለው ያንን፣ ከሌለው ነቅሎ እንደገና መጫን። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑን በባትሪ አሥር ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ከማንኛውም አንቲቫይረስ ፈቃድ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሻት ዳውን» ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ላይሆን ይችላል። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ሥርዓት ከበራ የዊንዶውስ እምብርት ከነድራይቨሩ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል። በማታ አጥፍተው በጠዋት ቢከፍቱት የደረቀው ድራይቨር እንደደረቀ ይመጣል። ስለዚህ አንቲቫይረስ ከጫኑ ወይም ካደሱ በኋላ «ሪስታርት» እንጂ «ሻት ዳውን» አይበሉ። እስከ መጨረሻው ማጥፋት ከፈለጉ በኮንትሮል ፓነል «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ የማጥፊያ ቁልፎቹን ሥራ ከሚመርጡበት ገጽ «ፋስት ስታርትአፕ»ን ይዝጉት።

ሰዓቱና ቀኑ ከአንቲቫይረስ ጋር ምን አገናኛቸው?

ከሁሉ በላይ የሚታለፈው ይህ ነው። አንቲቫይረስ አፕዴት የሚያወርድበት መስመር በዲጂታል ሰርተፍኬት የተጠበቀ ነው፤ ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ከሳተ ሰርተፍኬቱን «ገና አልጀመረም» ብሎ ይጥለዋል፣ አፕዴቱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ደጋግሞ ይወድቃል፤ የፈቃዱ ቀንም ይምታታበታል።

በእኛ አገር ቀን የሚስትበት አንድ የተለየ መንገድ አለ። አንድ ሰው ዘመኑ 2018 ነው ብሎ ኮምፒውተሩም ላይ 2018 ይሞላል። ለኮምፒውተሩ ይህ የፈረንጅ 2018 ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላው የፈረንጅ ዘመን ብቻ ነው፤ የእኛውን ማየት ከፈለጉ የግድግዳ ካላንደር ይስቀሉ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 8፡00 ማለት አለበት። በእኛ አቆጣጠር 2፡00 ተብሎ ከተሞላ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ውጤቱን አስቡት፦ አንቲቫይረሱ ሁሉ ሰው ሲተኛ ልፈትሽ ብሎ ፍተሻውን በፈረንጅ ሌሊት 2፡00 ላይ ቀጥሯል፤ የእናንተ ኮምፒውተር 2፡00 የሚለው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ልክ ቢሮ ሲከፈት ነው። ባለጉዳይ ተሰልፎ፣ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ፣ መስኮቱ ደርቆ። «ጠዋት ጠዋት ብቻ ይደርቃል፣ ከረፋዱ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ቅሬታ ሲሰሙ በመጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ።

ታይም ዞኑን ሲመርጡ አዲስ አበባን ዝርዝሩ ውስጥ አያገኟትም፤ «ናይሮቢ» የሚለውን፣ ሦስት ሰዓት የሚጨምረውን ይምረጡ። ሊሚትድ ዩዘር ታይም ዞን መቀየር ይችላል፣ ሰዓቱንና ቀኑን ግን አይችልም። ስለዚህ ተማሪው «አስተካክዬዋለሁ» ቢልዎት ዞኑን ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ያረጋግጡ።

ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክዬው መብራት ሲጠፋ ተመልሶ ይበላሻል። ምን ላድርግ?

የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። አብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሲአር 2032 የሚባለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው የ3 ቮልት ባትሪ ነው። ከመንቀልዎ በፊት ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተው የየገጹን ፎቶ በስልክ ያንሱ፤ በተለይ ሳታ (ዲስኩ የሚገናኝበት) የሚለውን መስመር። ባትሪው ሲወጣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ስለሚመለስ፣ ሳታው ከ«ኤኤችሲአይ» ወደ «አይዲኢ» ከተቀየረ ዊንዶውስ አልነሳም ይላል፤ ከዚያ የዋህ ሰው ዲስኩ ሞተ ብሎ ያዝናል። የመብራቱን ገመድ ይንቀሉ፣ ባትሪውን የያዘችውን ቀጭን ብረት በጥፍር ገፋ ያድርጉ፣ ብቅ ይላል። አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ቀኑን በፈረንጅ ይሙሉ። ከፍተው ሳለ የተከማቸ የመኸር ገለባና አቧራ ካለ በብሩሽ ያራግፉት፤ አየር ማስገቢያው የተደፈነ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያዘገያል።

የሆነ ነገር ስጫን ምንም አይመጣም፣ ከዚያ ይደርቃል

ሊሚትድ አካውንት ላይ ሴቲንግ ሲነኩ ዊንዶውስ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል። አንዳንዴ መጠየቂያው ፊት ለፊት አይመጣም፤ ታስክባሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ሆኖ ከታች ይቀራል። መስኮቱ የእርስዎን መልስ እየጠበቀ ነው፣ እርስዎ የእሱን። ታስክባሩን ይመልከቱ ወይም ኦልትና ታብ ይጫኑ። መጠየቂያው ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ ኔትወርኩን ያዋቀረው ሰው ለሊሚትድ ዩዘር ጥያቄው ሁሉ በቀጥታ ይከልከል ብሎ አዞት ሊሆን ስለሚችል እሱን ይጠይቁ።

ሁለት አንቲቫይረስ ብጭን አይሻልም?

አይሻልም። አንዱ ፋይል ሲከፍት ሌላው ያንን ይፈትሻል፣ የፈተሸውን ደግሞ የመጀመሪያው ይፈትሻል። ዲፌንደር ሌላ አንቲቫይረስ ሲመዘገብ ራሱ ያርፋል፤ ሁለት የተገዙ ግን አይተላለፉም። የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለማየት «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ከፍተው ሴቲንግ ውስጥ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚለውን ይጫኑ። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ካለ ያም ይውጣ፤ ክራኩ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ከአምራቹ ጋር እንዳይገናኝ መስመሩን ስለሚዘጋ አፕዴቱ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ይኖራል።

ላቡ ኢንተርኔት የለውም። በፍላሽ አፕዴት ማድረግ ይቻላል?

ለዲፌንደር ይቻላል። ማይክሮሶፍት የቫይረስ መለያውን ለብቻው የሚጫን ፋይል አድርጎ ያቀርባል፤ ስሙ «ኤምፓም ኤፍኢ» ይባላል፣ ክብደቱ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ለ32 ቢትና ለ64 ቢት የተለያየ ስለሆነ የላቡን ዊንዶውስ አስቀድመው ይዩ፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው የተሳሳተውን ይዘው እንዳይመለሱ። በአድሚን ሆነው ሁለቴ ክሊክ ያድርጉት። ሲጫን መስኮትም መልእክትም አያሳይም፣ ስለዚህ አልሠራም ብለው ደጋግመው አይጫኑት። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ የመጨረሻው አፕዴት ቀን መቀየሩን ይዩ። ሌሎቹ አምራቾች የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

«ሴፍቲ ስካነር» የሚባለውን የማይክሮሶፍት መፈተሻ ይዘው ከሄዱ ደግሞ ካወረዱት ከ10 ቀን በኋላ እንደማይሠራ ያስታውሱ።

ፍላሽ ስሰካ ብቻ ነው የሚደርቀው

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀላል ነው፦ አንቲቫይረሱ የተሰካውን ፍላሽ ሙሉ በሙሉ እየፈተሸ ነው። በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚያነብ ፍላሽ 32 ጊጋባይቱ ሞልቶ ከሆነ ከ25 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሁሉ የሚያውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፎልደሮቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ይተካል፤ ተማሪው ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱ ይነሳል፣ ፎልደሩም ስለሚከፈት ምንም አይጠረጥርም። አንቲቫይረሱ ሾርትከቱን ያጠፋል፣ ቫይረሱ መልሶ ይፈጥራል፤ ሲታገሉ መስኮቱ ይደርቃል። በተማሪው አካውንት ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚል ያላስነሱት ነገር ካዩ እሱ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ «ኤንድ ታስክ» ያድርጉት፤ ቀጥሎ «ስታርትአፕ» ገጽ ላይ ያለውን የማይታወቅ ስም ዲሴብል ያድርጉ፤ ከዚያ ፍተሻውን ያስጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም።

ሰነዶቹ አልጠፉም። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን ማሳያውን ያብሩ፣ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ያጥፉ፤ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ሰነዶቹን ብቻ ቀድተው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ።

ፒችትሪ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይቆማል

በማኅበራትና በዩኒየን ሂሳብ ክፍሎች የሚነሳ ጥያቄ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ትናንሽ የዳታ ፋይሎችን ይከፍታል፣ አንቲቫይረሱም እያንዳንዱን ያስቆማል። የኩባንያው ዳታ ያለበትን ፎልደር «ኤክስክሉዥንስ» ውስጥ ይጨምሩ፤ ይህ የአድሚን ሥራ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው በሊሚትድ የሚገባ ከሆነ በዚያው ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኪዩሪቲ» ሄደው ለ«ዩዘርስ» «ሞዲፋይ» ይፍቀዱ። ዳታው ፎልደር ላይ ብቻ፤ ሲ ድራይቭን በሙሉ የሚፈቅድ ሰው አይተናል፣ አይደረግም። ያ ፎልደር ከእንግዲህ ስለማይጠበቅ በውስጡ ሌላ ነገር አይቀመጥበትም።

ነቅዬ እንደገና ልጭነው ወስኛለሁ። ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ሙሉውን መጫኛ አስቀድመው ያውርዱ። ሪስታርት ያድርጉ፣ ሌሎች ዩዘሮች እንዳልገቡ ያረጋግጡ፣ በአድሚን ገብተው ከ«አፕስ» ይንቀሉት። ቅሪት ስለሚኖር የአምራቹን ማጽጃ ይጠቀሙ፤ ካስፐርስኪም፣ ኢሴትም፣ አቫስትም የየራሳቸው አላቸው። ማጽጃው ሴፍ ሞድ ከጠየቀ ሺፍት ተጭነው «ሪስታርት» ይበሉ፣ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ ሪስታርት ሲያደርግ ቁጥር 4።

ሲጭኑ ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ ተማሪው አካውንት ውስጥ ሆነው መጫኛውን ከፍተው የአድሚን ፓስወርድ መስጠት። መጫኛው በዚያች ሰዓት የሚሠራው እንደ አድሚኑ ስለሆነ የግል ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጠው በአድሚኑ ፕሮፋይል ውስጥ ነው፤ ተማሪው ሲገባ መስኮቱ የሚፈልገውን አያገኝም። አድሚን ውስጥ ራሱ ገብተው ይጫኑ፣ አፕዴት ያድርጉ፣ ሪስታርት ያድርጉ፣ አንድ ጊዜ በአድሚን ይክፈቱት፣ ከዚያ በኋላ በሊሚትድ ይሞክሩ።

2 ጊጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ 7 ነው። ምን ይሻላል?

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ አዳዲስ አንቲቫይረሶችም ትተውታል። በላዩ ያለው «ዲፌንደር» የስለላ ፕሮግራሞችን እንጂ ቫይረስን አይመለከትም፤ ስሙ አያታልልዎ። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚገዛው ኤስኤስዲ ነው፣ ቀጥሎ ራም። ገንዘብ ከሌለ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ አውጥተው ለጽሕፈት ብቻ ያድርጉት፣ ፍላሹን ግን በመጀመሪያ በሌላ፣ አፕዴት በሆነ ኮምፒውተር ያስፈትሹ።

ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለዲፌንደር የቫይረስ መለያ እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚያቀርብ አስታውቋል፤ ያ ግን የዊንዶውሱን የራሱን ቀዳዳ አይደፍንም።